የምን ቪዛ ነው?

«ቪዛዋ መጣላት!» የሚል ወሬ ሰፈር ውስጥ ሲነገር ተከትለው የሚመጡት ጥያቄዎች ይታወቃሉ። ስንት ከፈለች? መቼ ነው የምትበረው? ደመወዙ ስንት ነው? እናት ትጠይቃለች፣ ጎረቤት ይጠይቃል፣ ገንዘብ ያበደረው አጎትም ይጠይቃል። «የምን ቪዛ ነው?» የሚል ሰው ግን እምብዛም አልሰማሁም። ቪዛ ከተባለ ቪዛ ነው፤ ከመጣ መጥቷል፤ የቀረው ሻንጣ መግዛትና ዘመድ መሰናበት ብቻ ነው።

ይህ ሳይጠየቅ የሚታለፍ ጥያቄ ከአገር የሚወጣን ሰው ዕጣ ይወስናል ብዬ አምናለሁ። አንዷ ሄዳ ለእናቷ ቤት ሠርታ፣ ወንድሞቿን አስተምራ ትመለሳለች፤ ሌላዋ በፌስታል ልብሷን ይዛ ተጠርዛ ትመጣለች። እኛም «ዕድሏ ነው» ብለን እናልፋለን። አንዷን ደግ አሠሪ ገጠማት፣ ሌላዋን ክፉ አሠሪ ገጠማት እንላለን። ደግም ክፉም አሠሪ መኖሩ አይካድም። ነገር ግን አሠሪዋ ክፉ ሲሆንባት ወዴት መሄድ እንደምትችል፣ ደመወዟን ሲከለክላት አቤት የምትልበት ቢሮ መኖር አለመኖሩን፣ ታማ ሐኪም ቤት ብትሄድ መታሰር አለመታሰሯን የሚወስነው የአሠሪዋ ጠባይ አይደለም። ይህን ሁሉ የሚወስነው አገሩ የገባችበት ቪዛ ዓይነት ነው። እሱ ደግሞ ገና አዲስ አበባ ሳለች ሊታወቅ የሚችል ነገር ነው።

ከዓረብ አገሮች ልጀምር፤ ብዙው ወገናችን የሚሄደው ወደዚያ ነውና። በሕዝቡ አነጋገር ለሥራ የሚሄድ ሰው ከሦስት በአንዱ ይሄዳል፤ በኮንትራት፣ በቪዚት ወይም በፍሪ ቪዛ። ሦስቱም አንድ አውሮፕላን ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ከአውሮፕላኑ ሲወርዱ ግን የሚጠብቃቸው ሕግ አንድ አይደለም።

ኮንትራት የሚባለው መንግሥት የሚያውቀው መንገድ ነው። የሚመራውም በ2008 ዓ.ም. በወጣው የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 እና እሱን ባሻሻለው የ2013ቱ አዋጅ ቁጥር 1246 ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ሠራተኛ የሚላከው ከኢትዮጵያ ጋር የሁለትዮሽ ስምምነት ወደ ፈረመ አገር፣ ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ በኩል ነው፤ የሥራ ውሉም አስቀድሞ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ታይቶ ይጸድቃል። ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ኳታር፣ ዮርዳኖስና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ስምምነት ከፈረሙት መካከል ናቸው፤ ሊባኖስም በ2015 ዓ.ም. ተጨምራለች። ሰው በራሱ ጥረት ሥራ ካገኘ ደግሞ በሚኒስቴሩ ፈቃድ የሚሄድበት ቀጥታ ቅጥር የሚባል መንገድ አለ፤ የቤት ሠራተኝነትን ግን አይጨምርም።

በዚህ አዋጅ ውስጥ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ደጃፍ ቢለጠፍ የምመኘው ክፍል አለ። ወጪን የሚመለከተው ነው። የመግቢያ ቪዛው ክፍያ፣ የደርሶ መልስ ቲኬቱ፣ የሥራ ፈቃዱ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢንሹራንሱ፣ ይህ ሁሉ የአሠሪው ዕዳ ነው። ሠራተኛዋ የምትከፍለው ለፓስፖርት፣ ለጤና ምርመራ፣ ለልደት ሰርተፊኬት፣ ከወንጀል ነፃ ለመሆኗ ማረጋገጫና ለመሳሰሉት የራሷ ሰነዶች ነው። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181ም የግል ኤጀንሲዎች ከሠራተኛ ክፍያ መቀበል የለባቸውም ይላል። እንግዲህ አንድ ሰው መጥቶ «የኮንትራት ቪዛ አለኝ፣ ዋጋው ይህን ያህል ነው» ካለ ነገሩን ለማወቅ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ወይ ቪዛው ኮንትራት አይደለም፤ ወይ አሠሪው የከፈለበትን ነገር ለሁለተኛ ጊዜ እየሸጠው ነው።

ከወጪው ይልቅ የሚበልጠው ግን ተጠያቂነቱ ነው። ሕጉ ኤጀንሲውን ከአሠሪው ጋር በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ያደርገዋል። በቋንቋችን እናስረዳው ካልን፣ ሪያድ ያለው አሠሪ ደመወዝ ከልክሎ ቢሰወር፣ አዲስ አበባ ቢሮ ያለው ኤጀንሲ «እኔ ምን አገባኝ» ማለት አይችልም። የሚከሰስ ሰው እዚሁ አገር ውስጥ አለ ማለት ነው። አባት ከወሎ ወይም ከጅማ ተነስቶ መጥቶ በሩን ሊያንኳኳ የሚችልበት ቢሮ አለ። ይህን መብት የሰጣት ያ የጸደቀ ውል ነው፤ ውሉ ከሌለ መብቱም አብሮ ይቀራል።

በሕግ ሄዶ የተጎዳ የለም አልልም። በሕግ ሄደው የተደበደቡ፣ ደመወዛቸውን የተነጠቁ፣ አስከሬናቸው የተመለሰ እህቶች አሉ። የጸደቀ ውል ክፉ ሰውን ደግ አያደርግም። ልዩነቱ፣ ስሟ በመዝገብ ላይ መኖሩ፣ ኤምባሲው የት ቤት እንዳለች ማወቅ መቻሉ፣ ቤተሰቧም የሚጠይቀው አካል ማግኘቱ ነው። ይህ ትንሽ የሚመስለው ልዩነት እናቶች «ልጄ የት እንዳለች አላውቅም» ብለው የሚያለቅሱበትን ሁኔታ ስናይ ትልቅ ነው።

ወደ ቪዚት ልምጣ። ዱባይ ለመግባት የጉብኝት ቪዛ ቀላልና ፈጣን ነው፤ የሠላሳ ወይም የስልሳ ቀን ሆኖ በቀናት ውስጥ ይወጣል። ደላላውም የሚናገራት ዓረፍተ ነገር አለችው፦ «በቪዚት ትግባ፤ እዚያ ስትደርስ ይቀየራል።» ይህች አባባል የምታታልለው ሙሉ ሐሰት ስላልሆነች ነው። በኤምሬቶች ሕግ አንድ ሰው በጉብኝት ቪዛ ገብቶ አሠሪ ካገኘ፣ አሠሪው አመልክቶለት ወደ ሥራ ቪዛ ሊዛወር ይችላል። ደላላው የሚዘለው ቁም ነገር፣ የሚያዛውራት አሠሪ መሆኑና ያን አሠሪ ማንም ሊያስገድደው አለመቻሉ ነው። በቪዚት ላይ እያለች መሥራት ክልክል ነው። ቀኑ ካለፈባት በየቀኑ 50 ድርሃም ቅጣት ይቆጠርባታል። በ2024 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው የኤምሬቶች ሕግ ደግሞ ያለ ሥራ ፈቃድ የሚያሠራን ሰው ከ100 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ድርሃም ይቀጣል። የዚህን ውጤት ማሰብ ከባድ አይደለም። ሕግ የሚያከብረው አሠሪ ይህን ቅጣት ፈርቶ ቪዚት ያላትን ልጅ ወደ ቤቱ አያስገባም። የሚያስገባት የተደበቀው ነው፤ ማምሻውን የሚያስወጣት፣ ደመወዝ ስትጠይቀው «ፖሊስ ልጥራ?» የሚላት።

በቅርቡ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ኮፒ ቤት ወረፋ ይዤ ሳለ፣ ከፊቴ የነበረ ወጣት ስልኩ ላይ የተላከለትን የእህቱን ቪዛ ያሳትም ነበር። ጸሐፊዋ ወረቀቱን ከማሽኑ አውጥታ ስታቀብለው ዓይኗን ጣል አድርጋ «ይኼ እኮ የቱሪስት ነው፤ ስልሳ ቀን ነው የሚለው» አለችው። ልጁ ወረቀቱን ከእጇ ተቀብሎ አገላበጠው። «ሁለት ዓመት ነው የተባልነው» አለ። ወረቀቱን አብረን አየነው። ከላይ የኤምሬቶች አርማና የፋይል ቁጥር አለ። ከታች የፓስፖርት ቁጥሯና ስሟ በትክክል ተጽፏል። የቪዛው ዓይነት በዓረብኛና በእንግሊዝኛ የጉብኝት ይላል። አሠሪ ሊጻፍበት በሚገባው ቦታ የአንድ የጉዞ ወኪል ስም ተቀምጧል። የሚቆዩበት ቀን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ወረቀቱ የደበቀው አንድም ነገር አልነበረም። ወጣቱ እዚያው ቆሞ ደላላው ዘንድ ደወለ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎት ስለነበር ሁላችንም ሰማን። «አታስብ ወንድሜ፣ ሁሉም እንደዚሁ ነው የሚገባው፤ እዚያ ይቀየራል» አለው። «ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ» አልኩት ልጁን። «ከፍለናል፤ ነገ ማታ ነው በረራዋ» አለኝ።

ያቺ ጸሐፊ ያየችውን ለማየት የቋንቋ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ገበሬ በሬ ሲገዛ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፤ ሻጩን አምኖ ብቻ ገንዘቡን አይቆጥርም። ቪዛም የሚታይ ጥርስ አለው። የቪዛው ዓይነት፣ ስፖንሰር ተብሎ የተጻፈው ስም፣ የሥራው መጠሪያ፣ የመቆያው ጊዜ። እነዚህን አራቱን ማየት ይበቃል። ዓይነቱ የጉብኝት ከሆነ፣ ስፖንሰሩም ሄዳ የምትሠራለት ሰው ካልሆነ፣ ያ የሥራ ቪዛ አይደለም። የኤምሬቶችን ቪዛ በፋይል ቁጥሩና በፓስፖርት ቁጥሩ በአገሩ መንግሥት የኢንተርኔት ገጽ ላይ በነፃ ማጣራትም ይቻላል። ዱባይ ዘመድ ያለው ሰው ደግሞ በአንድ የስልክ ጥሪ ይህን ሊያስደርግ ይችላል። በውጭ ያላችሁ ወገኖቻችን፣ ብር ስትልኩ የምትረዱትን ያህል ይህን አይታችሁ «ተው፣ አትላኳት» ስትሉም ትረዳላችሁ።

ሦስተኛው ፍሪ ቪዛ የሚባለው ነው። ስሙ ደስ ይላል፤ እንደ ልብ የሚሠሩበት ይመስላል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሕግ ግን እንዲህ የሚባል የቪዛ ዓይነት የለም። በተግባር የሚሆነው፣ አንድ የአገሩ ዜጋ በስሙ የሠራተኛ ቪዛ አውጥቶ ይሸጣል፤ ገዢዋ ኢቃማዋ (የመኖሪያ ፈቃዷ) በእሱ ስም ሆኖ ሌላ ቦታ ሄዳ ትሠራለች፤ እሱም ኢቃማው ሊታደስ ሲል ገንዘብ ይጠይቃታል። ይህ ካፊል የሚባለው ስፖንሰሯ ካኮረፈ፣ ወይም ብዙ ከፈለገና ካጣ፣ «ጠፍታብኛለች» ብሎ ያመለክታል። ሳዑዲ ያሉ ልጆች ሁሩብ የሚሉት ይህ ነው። ሁሩብ ከተመታባት በኋላ የተያዘች ዕለት የምትታሰርና የምትጠረዝ ሰው ናት። ከአንዱ ቤት ሥራ ጨርሳ ወደ ሌላው ስትሄድ ነፃ የመሰላት ልጅ፣ ፊቱን እንኳ በቅጡ በማታውቀው ሰው እጅ ውስጥ ነበረች። የዑምራ ቪዛም እንዲሁ ነው፤ ለጸሎት የተሰጠ ፈቃድ ለሥራ አይሆንም።

«ዓረብ አገር» ብለን በአንድ ስም መጥራታችንም ይጎዳናል። ሕጋቸው አንድ አይደለም። ኳታር በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣቻቸው ሕጎች ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ እንዲቀይር ፈቅዳለች፤ ዝቅተኛውን ደመወዝም 1,000 ሪያል አድርጋለች። ምግብና መኝታ አሠሪው ካልሰጠ ለምግብ 300፣ ለመኝታ 500 ሪያል ይጨመራል፤ ይህም የቤት ሠራተኞችን ያካትታል። ሳዑዲ በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ማሻሻያ ስታደርግ የቤት ሠራተኞችን ከነገሩ አውጥታቸዋለች፤ ከእኛ አገር የምትሄደው ሴት ደግሞ በአብዛኛው የቤት ሠራተኛ ናት። ኤምሬቶች ለቤት ሠራተኞች የተለየ ሕግ በ2022 እ.ኤ.አ. አውጥታለች፤ ፓስፖርት መያዝን ይከለክላል። የሊባኖስ የሥራ ሕግ ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቤት ሠራተኛን ከጥበቃው ውጪ እንዳደረገ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ክረምት መግቢያ ቤይሩት የሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ላይ አሠሪዎቻቸው አራግፈዋቸው የሄዱ እህቶቻችን ምስል ከብዙዎቻችን ዓይን ገና አልጠፋም። ሕጉ እዚያ በር ላይ አልደረሰላቸውም። እንግዲህ «የት ልሂድ?» የሚለው ጥያቄ የደመወዝ ብቻ ጥያቄ አይደለም፤ የትኛው አገር ሕግ ይቆምልኛል የሚልም ነው።

ወደ ሩቅ ምሥራቅ ደግሞ አዲስ ቁስል ተጨምሮብናል። እንግሊዝኛ የሚችሉ፣ ኮምፒውተር የሚያውቁ፣ ዲግሪ ያላቸው ወጣቶች በቴሌግራምና በፌስቡክ «ታይላንድ ውስጥ የደንበኞች አገልግሎት ሥራ» እየተባሉ በቱሪስት ቪዛ ባንኮክ ገቡ። ከባንኮክ በመኪና ተወስደው ወንዝ ተሻግረው ምያንማር ውስጥ በታጠሩ ግቢዎች ሰውን በኢንተርኔት እንዲያጭበረብሩ ተገደዱ። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ከእነዚያ ግቢዎች ወጥተው ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት 260 ያህል የልዩ ልዩ አገር ሰዎች መካከል ትልቁ ቁጥር የኢትዮጵያውያን ነበር። እነዚህ ልጆች ያልተማሩ አልነበሩም። ለሥራ ተጠርተው ሳለ የጎብኚ ቪዛ ሲሰጣቸው «ለምን?» የሚል ሰው አጠገባቸው አልነበረም እንጂ።

ስለ አውሮፓና አሜሪካ የሚነገረው ደግሞ ከዚህ የተለየ ጉድለት አለበት። እዚያ የምንሳሳተው ቪዛን ኤምባሲ ገብቶ በመለመን የሚገኝ ነገር አድርገን ስለምናስብ ነው። ሸንገን የሚባለው የአጭር ጊዜ ቪዛ ከ180 ቀን ውስጥ ለ90 ቀን ብቻ የሚያስቆይ ነው፤ ለሥራ አይደለም። ለሥራ የሚሰጠው እያንዳንዱ አገር በራሱ ሕግ የሚሰጠው የረጅም ጊዜ ቪዛ ነው፤ እሱ ደግሞ በአብዛኛው ከአሠሪ ይጀምራል። አሠሪው መጀመሪያ ይንቀሳቀሳል፣ የአገሩን ባለሥልጣን ያስፈቅዳል፣ ወረቀቱን ይልካል፤ ሠራተኛው ኤምባሲ የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን የሚገለብጥ ሰው፣ «መጀመሪያ ክፈል፤ አሠሪው በኋላ ይገኛል» የሚል ሰው፣ ሊያገኘው የሚችለው ነገር ያለው ኪሳችን ውስጥ ብቻ ነው።

የእንግሊዝን ነገር በምሳሌነት ላንሳ፤ ብዙ ወጣት ተቃጥሎበታልና። እንግሊዝ የሠራተኛ ቪዛ የምትሰጠው በመንግሥት ፈቃድ የተሰጠው አሠሪ የስፖንሰርነት ሰርተፊኬት ሲያወጣለት ነው። ፈቃድ ያላቸው አሠሪዎች ዝርዝር ለማንም ክፍት ሆኖ በመንግሥቱ ገጽ ላይ ይገኛል፤ ስሙ እዚያ ውስጥ ከሌለ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ሰርተፊኬቱን መሸጥ ክልክል ነው። ሆኖም አረጋውያንን ለመንከባከብ ሥራ ተብሎ በሺዎች የሚቆጠር ፓውንድ እየተከፈለበት ተሸጠ። የገዙት፣ በብዛት ከናይጄሪያ፣ ከዚምባብዌና ከህንድ የሄዱ ሰዎች፣ ሲደርሱ ሥራ የለም ተባሉ። የእንግሊዝ መንግሥት ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዚህ ዘርፍ ከ470 በላይ አሠሪዎችን ፈቃድ መንጠቁንና በእነሱ ስም የነበሩ ሠራተኞች ከ39 ሺህ በላይ መሆናቸውን ራሱ ተናግሯል። አሠሪው ፈቃዱን ሲነጠቅ ሠራተኛው ሌላ ስፖንሰር እንዲፈልግ በአብዛኛው የሚሰጠው 60 ቀን ነው። ከሐምሌ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ይህ የእንክብካቤ ሥራ በር ከውጭ አገር ለሚቀጠሩ አዲስ ሰዎች ተዘግቷል። ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ «የኬር ቪዛ አለ» የሚል ማስታወቂያ የምታዩ ከሆነ፣ የሚሸጥላችሁ የተዘጋ በር ነው።

ካናዳም ላይ ሥርዓቱ ተመሳሳይ ነው። በአብዛኛው አሠሪው የአገሩን ሰው ፈልጎ እንዳጣ ያስረዳና ኤልኤምአይኤ የሚባለውን ፈቃድ ያገኛል። የማመልከቻው ክፍያ 1,000 የካናዳ ዶላር ሲሆን የሚከፍለው አሠሪው ነው፤ ከሠራተኛው መልሶ መቀበል በሕግ ተከልክሏል። አሜሪካ ለባለሙያዎች የምትሰጠው ኤች ዋን ቢ በዓመት 85,000 ሆኖ በዕጣ የሚለይ ነው፤ ማመልከቻውን የሚያስገባው አሠሪው ሲሆን ከመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከአገር ውጭ ላለ አዲስ ተቀጣሪ 100,000 ዶላር እንዲከፈልበት ተወስኗል። ይህን የሚያውቅ ሰው «በጥቂት ብር የአሜሪካ የሥራ ቪዛ እናስወጣለን» የሚለውን በቀላሉ ይለየዋል። ዲቪ ደግሞ ጨርሶ የሥራ ቪዛ አይደለም፤ አሠሪ አያስፈልገውም፤ የሚሰጠው ቋሚ መኖሪያ ነው።

ጀርመን ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እዚያ ለወጣቶቻችን በእውነት የተከፈተ መንገድ ስላለ። ከሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ሻንሰንካርተ» የሚባል ካርድ አለ። አሠሪ ሳይኖር ሄዶ ለአንድ ዓመት ሥራ ለመፈለግ ያስችላል፤ በዚያ ጊዜም በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይፈቀዳል። ነገር ግን በነጥብ የሚሰጥ ነው። በአገራችን ዕውቅና ያለው ዲግሪ ወይም ቢያንስ የሁለት ዓመት የሙያ ትምህርት፣ ጀርመንኛ ቢያንስ በኤ1 ደረጃ ወይም እንግሊዝኛ በቢ2፣ ለዓመቱ መኖሪያ የሚሆን ገንዘብ፣ ከዚያም ከዕድሜ፣ ከልምድና ከቋንቋ የሚደመር 6 ነጥብ ይጠይቃል። የሙያ ሥልጠና እዚያው ሄዶ የሚወሰድበት መንገድም አለ፤ ነርሶች ደግሞ ዲፕሎማቸውን አስመዝነውና ቋንቋውን ተምረው ይቀጠራሉ። የረጅም ጊዜ ቪዛው የማመልከቻ ክፍያ 75 ዩሮ ነው። ትልቁ ወጪ የቋንቋ ትምህርቱ፣ የሚጠይቀው ወራትና ጽናት ነው። አንድ ቤተሰብ ለደላላ ከሚያስረክበው ገንዘብ በጥቂቱ ልጁን ጀርመንኛ ቢያስተምር፣ ቪዛው ቢቀር እንኳ ቋንቋው ከልጁ ጋር ይቀራል። ለደላላ የተሰጠ ገንዘብ ግን ደረሰኝ እንኳ የለውም። ይህን መንገድ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቀው ሥራ አጥተው ለተቀመጡ ልጆች የሚያስረዳ አካል በየክፍለ ከተማው አለመኖሩ ያሳዝነኛል።

አሁን መንግሥትንም ልጠይቅ። በ2006 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ወደ ዓረብ አገር የሚደረግ የሥራ ጉዞ ታገደ። ከሳምንታት በኋላ ሳዑዲ ሰነድ የሌላቸውን ማሰስ ጀመረች፤ በወራት ውስጥም ከ160 ሺህ በላይ ዜጎቻችን ተመለሱ። እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም. ቆየ። በእነዚያ ዓመታት ጉዞው ቆመ ወይ? አልቆመም። በሱዳን፣ በጅቡቲና በየመን በኩል ሆነ፤ በቪዚትና በዑምራ ሆነ። መከልከል መረጃ መስጠትን እንደማይተካ ያኔ አየነው። ኮንትራቱ ሲጓተት፣ ሥልጠናው፣ ሲኦሲው (የብቃት ማረጋገጫው)፣ ጋምካው (የጤና ምርመራው)፣ አሻራው፣ የውሉ ማጽደቅ እያንዳንዱ ሌላ ወረፋ ሲሆን፣ ልጅቷ ደግሞ ከክፍለ ሀገር መጥታ በየቀኑ የአልጋ እየከፈለች ስትጠብቅ፣ ደላላው «እኔ በሳምንት አስወጣሻለሁ» ሲላት ምን ታድርግ? ሕጋዊው መንገድ ቀርፋፋ በሆነ ቁጥር ሕገ ወጡን ገበያ የምናደራለት እኛው ነን። ሚኒስቴሩ ምዝገባውን በኢንተርኔት በሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት ማድረጉ ጥሩ ሥራ ነው፤ አመሰግናለሁም። ያ ሥርዓት ግን ስማርት ስልክና ኔትወርክ የሌላት የገጠር ልጅ ዘንድ የሚደርሰው በሰው በኩል ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ዛሬም በብዛት ደላላው ነው።

ሰውን መነገድን የሚቀጣው አዋጅ ቁጥር 1178 በ2012 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ቅጣቱም ከባድ ነው። ሕጉ የሚነሣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ቀድሞ የሚያድነው ከመሄዷ በፊት የሚነገራት ነገር ነው። ለዚህ አዲስ ተቋም ማቋቋም አያስፈልግም። ለዓረብ አገር የሚሄዱ ልጆች ሥልጠና የሚወስዱባቸው ኮሌጆች አሉ። እዚያ ልብስ መተኮስ፣ የምግብ አሠራርና ጥቂት ዓረብኛ ይማራሉ። በዚያው ክፍል ውስጥ ግማሽ ቀን ተወስዶ እውነተኛ የኮንትራት ቪዛና እውነተኛ የቪዚት ቪዛ በትልቁ ታትመው ግድግዳ ላይ ቢሰቀሉ፣ አሠልጣኟም በእንጨት እያመለከተች «ይኼ ስፖንሰሩ ነው፣ ይኼ የመቆያ ጊዜው ነው፣ እዚህ ጋ ቱሪስት ካለ ሥራ የለም ማለት ነው» ብትላቸው፣ ልጆቹ ይገባቸዋል። ውላቸውም በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ ወይም በሚያነቡት ቋንቋ ተተርጉሞ አንድ ቅጂ ይሰጣቸው፤ ሌላው ቅጂ ከፓስፖርቱ ኮፒና ከአሠሪው ስልክ ጋር ለእናቲቱ ይቅር። እናቲቱ ማንበብ ባትችል ቀበሌ ወስዳ የምታስነብበው ነገር ይኑራት።